የአራት ቀን ግድግዳ

እህልና ከብት፣ ጨርቃ ጨርቅና ቡና በገበያ መሸጣቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሥዕልን ግን ሠዓሊው ቤት ተሂዶ፣ ወይም ኤግዚቢሲዮን በተከፈተ ዕለት ታይቶ የሚገዛ ነገር አድርገን እንቆጥረዋለን። ሆኖም ሥዕልም የራሱ ገበያ፣ የራሱም የገበያ ቀን አለው። በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ በ1967 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን) 18 ጋለሪዎች ተባብረው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሥዕል መሸጥ ጀመሩ። በ1970 የስዊስ ከተማ ባዝል ተከተለች። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ከተሞች ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ገበያ ማቆም ልማድ አድርገውታል።

ከነዚህ ሁሉ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በጥቅምት ወር በሎንዶን፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር በሚገኘው በሶመርሴት ሐውስ የሚውለው ነው። ስሙ «አንድ ሃምሳ አራት» ይባላል፤ አንድ አህጉር፣ ሃምሳ አራት አገሮች ማለት ነው። በ2013 የመሠረቱት ቱሪያ ኤል ግላዊ የሞሮኮው ሠዓሊ የሐሰን ኤል ግላዊ ልጅ ናቸው። የማራካሽ ገዥ የነበሩት አያታቸው ልጃቸው ሠዓሊ እንዲሆን አልወደዱም ነበርና፣ ራሱም ሥዕል ይሥል የነበረው ቸርችል አማልዶ እንዳስፈቀደለት ይነገራል። ሕንፃው ቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የነበሩበት ነው። ለብዙ ዘመን ፋይል ሲገላበጥባቸው በኖሩት ክፍሎች ውስጥ ከሐሙስ እስከ እሑድ የአፍሪካ ሠዓሊዎች ሥራ ይሰቀላል።

አንድ ጋለሪ ወደዚህ ገበያ ለመግባት በመጀመሪያ ማመልከቻ አቅርቦ መመረጥ አለበት። ከተመረጠ በኋላ ለሚሰጠው ቦታ ኪራይ ይከፍላል። ሥዕሉን በሣጥን አሽጎ፣ ኢንሹራንስ ገብቶለት፣ በአውሮፕላን ያስጭናል። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ ጥንታዊ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ወጪ አንድ ሥዕል ሳይሸጥ የሚወጣ ነው። ሲሸጥም ዋጋው ለሠዓሊውና ለጋለሪው አብዛኛውን ጊዜ እኩል ይካፈላል። ግማሽ መውሰድ ይበዛል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እኛም መጀመሪያ ስንሰማው በዝቶብን ነበር። ነገር ግን ምንም ሳይሸጥ ቢመለስ ኪራዩ የጋለሪው ኪሳራ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ታዲያ ይህን ያህል መድፈር ለምን አስፈለገ ቢባል፣ በገበያው በር ለሕዝብ ከመከፈቱ አስቀድሞ ለተጋበዙ ብቻ የተለየ ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ሥዕል የሚሰበስቡ ባለጸጎችና የቤተ መዘክር ሹሞች እየተዘዋወሩ ያያሉ። አንድ ሠዓሊ ዕድሜውን ሙሉ ደብዳቤ ቢጽፍላቸው የማያገኛቸው ሰዎች በፊቱ ያልፋሉ። ብዙዎቹ ለአፍታ ያህል ብቻ ይቆማሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው ጋለሪ በጠባብ ግድግዳ ላይ የአሥር ሰው ሥራ አያጨናንቅም፤ ሁለት ወይም ሦስት ሠዓሊ መርጦ፣ የቀረውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይህ ምርጫ ነው፤ ያልተመረጠ ሠዓሊ ቅሬታ አይቀርምና።

ራኬብ ሲሌና መሳይ ኃይለልዑል በ2016 በአዲስ አበባ የከፈቱት «አዲስ ፋይን አርት» በዚህ ገበያ የኢትዮጵያን ሠዓሊዎች ሲያቀርብ ቆይቷል፤ በ2021 ደግሞ በሎንዶን የራሱን ማሳያ ከፍቷል። ከሚያቀርባቸው ሠዓሊዎች አንዱ ታደሰ መስፍን ናቸው። በሶቪየት ኅብረት ተምረው፣ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። «የሕይወት ዓምዶች» የተባሉት ሥዕሎቻቸው በጉልት የሚቸረችሩ ሴቶችን ያሳያሉ፤ ረጃጅም፣ ቀጫጭን፣ እንደ ቤት ምሰሶ ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው። እኛ በየቀኑ ቲማቲምና ሽንኩርት ገዝተን ፊታቸውን ሳናይ የምናልፋቸው ሴቶች ናቸው። ጋለሪውስ ቢሆን በባዕድ ከተማ ጉልት ተከራይቶ፣ ገዢ እስኪመጣ ቆሞ የሚጠብቅ አይደለምን?

በዚሁ ጋለሪ ሥራዋ የሚቀርብላት መሪኮከብ ብርሃኑ በ2022 ለቬኒስ ቢየናሌ ዋና ኤግዚቢሲዮን ተመርጣለች። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያሳስበናል፤ የተሸጠው ሥዕል ወዴት ይሄዳል? እስክንድር ቦጎሲያን በ1964 የሣለው «የጁጁ ሠርግ» የሚገኘው በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ነው። በአገራችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል መኖሩ መልካም ነው፤ ግን አንድ ማዕከል ስንቱን ያስቀራል? ሠዓሊው ቀለምና ሸራ መግዛት፣ ቤተሰብ ማስተዳደር አለበትና እርሱን መውቀስ አይገባም። ሻጩንም አንወቅስም። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ግን ለቢሮ ወንበርና ምንጣፍ በጀት ስንይዝ ለግድግዳው ያሰብንለት ነገር የባንክ ካላንደር ብቻ ነው። የጉልቷ ሴት ሥዕል በሎንዶን ሳሎን ተሰቅሎ ልጇ ሳያየው ቢቀር፣ ጥፋቱ ከገዢው ይልቅ ወደ እኛ ይቀርባል።

እሑድ ማታ በሩ ይዘጋል። ሠራተኞች መሰላል ይዘው ይገባሉ፤ የተሸጠው በገዢው አድራሻ ይታሸጋል፤ ያልተሸጠው ከጉምሩክ ወረቀቱ ጋር ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። የምስማሩ ቀዳዳ ተደፍኖ፣ ክፍሉ ለባለቤቱ ይረከባል።