ሶርያ መቼ ዐረብ ሆነች?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ አደባባዮች ልጆቻቸውን ይዘው እርዳታ የሚጠይቁ የሶርያ ስደተኞችን ያላየ ጥቂት ነው። ልጆች ደግሞ ያዩትን ሁሉ ይጠይቃሉ። «እነዚህ ሰዎች ዐረቦች ናቸው?» ሲሉን ብዙዎቻችን «አዎ» ብለን እናልፋለን። መልሱ ለአብዛኞቹ ትክክል ነው። ከኋላው ያለው ታሪክ ግን ረጅም ነው፤ ለልጅም ቢነገር ይጥማል።

ብዙ ሰው ዐረቦች ሶርያ የገቡት በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእስልምና ጋር ይመስለዋል። ነገሩ ከዚያ ይርቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ853 የአሦር ንጉሥ ሦስተኛው ስልምናሶር በሶርያ ምድር፣ ቃርቃር በተባለ ስፍራ ጦርነት ገጠመ። የተዋጉትንም ነገሥታት በድንጋይ አስቀረጸ። ከእነርሱ አንዱ ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው የእስራኤሉ ንጉሥ አክዓብ ነው። ሌላው 1,000 ግመል ይዞ የመጣው ዐረቡ ጊንዲቡ ነው። እስከ ዛሬ ከተገኙት ጽሑፎች ዐረብ የሚለውን ስም ቀድሞ የሚያነሣው ይህ ድንጋይ ሲሆን፣ አሁን ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በቅርጫት ወርዶ ከደማስቆ ሲያመልጥ ሊይዘው ይጠብቅ የነበረው የንጉሥ አሬታስ ሹም ነው። አሬታስ የናባጢያውያን ንጉሥ ነበር፤ የጥንት ጸሐፊዎችም ናባጢያውያንን ዐረቦች ይሏቸዋል። በ244 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሮም ቄሣር የሆነው ፊልጶስም የደቡብ ሶርያ ሰው ነው፤ ታሪክ «ዐረቡ ፊልጶስ» ይለዋል። ከደማስቆ ደቡብ ምሥራቅ በናማራ የተገኘው የ328 ዓ.ም. የመቃብር ድንጋይ ደግሞ ኢምሩ አልቀይስን የዐረቦች ሁሉ ንጉሥ ይለዋል። ጽሑፉ በናባጢያውያን ፊደል ይጻፍ እንጂ ቋንቋው ዐረብኛ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአብዛኛው ሕዝብ የአፍ መፍቻ አራማይክ ነበር። ደማስቆ በ661 የኡመያ ከሊፋዎች መናገሻ ሆነች፤ በ700 ገደማም ከሊፋ አብዱል መሊክ የመንግሥት መዝገብ በዐረብኛ እንዲያዝ አደረገ። ልጁ ጸሐፊ እንዲሆንለት የሚመኝ አባት ዐረብኛ ያስተምረው ጀመር። ጋብቻና ገበያም ተጨመሩበት። ቋንቋዎቹም ሩቅ አልነበሩም፤ ሁለቱም የአማርኛ ዘመዶች ናቸው። ቤት፣ ስም፣ ደም፣ ዓይን የሚሉት ቃላት በሦስቱም ቋንቋ ሥራቸው አንድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዐረብ ነኝ የሚል ሶርያዊ ቅድመ አያቶቹ የበረሃ ግመለኞችም፣ አራማይክ ተናጋሪ ገበሬዎችም ሊሆኑ ይችላሉ።

አራማይክም ጨርሶ አልጠፋም። ከደማስቆ በስተሰሜን በማሉላና በአካባቢው ባሉ ሁለት መንደሮች እስከ ዘመናችን ዘልቋል፤ ተናጋሪዎቹም ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ናቸው። ያቆየው እናቶችና አያቶች በቤት መናገራቸው ነው።

ይህን ታሪክ አሳጥሮ መንገር ግን ሰው ይጎዳል። ሶርያ በ1961 ስሟን «የሶርያ ዐረብ ሪፐብሊክ» አለች። በዓመቱ በሐሰካ ክፍለ ሀገር በአንድ ቀን በተደረገ ቆጠራ 120,000 ያህል ኩርዶች ዜግነታቸውን ተነጠቁ። የእነርሱ ልጆችና የልጅ ልጆችም ዜግነት አልባ ሆነው ተወለዱ። ብዙዎቹ ዜግነት እንዲያገኙ አዋጅ የወጣው በ2011 ነው፤ የቆጠራው ዕለት ሕፃን የነበረው ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነበር።

እንግዲህ ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ሲጠይቅዎ «አዎ፣ አብዛኞቹ ዐረቦች ናቸው» ብለው አያቁሙ። ስለ ጊንዲቡ ግመሎች ይንገሩት፤ የማሉላን አያቶችና ኩርዶቹንም አይርሱ።