ከኋላ የነበረ ስም ለሕፃን ሲወጣ



በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ መስተዳድርነት የምናውቃቸው የአቶ አሻድሊ ሀሰን ስም ሲጠራ «አሻድሊ» የሚለው ከየት እንደመጣ ስንቶቻችን ጠይቀናል? ቃሉ የዐረብኛው «አሽ-ሻዚሊ» ነው፤ የሻዚላ ሰው ማለት ነው። ሻዚላ ደግሞ ቱኒዚያ ውስጥ ያለች መንደር ናት። በዚህ ስም ዓለም የሚያውቃቸው የሻዚሊያ ጠሪቃ መሥራች አቡልሐሰን አሽ-ሻዚሊ (ከ1196 እስከ 1258 እ.ኤ.አ.) ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ዐሊ ነበር። ሻዚሊ ከስማቸው መጨረሻ የሚቀመጥ መታወቂያ ነው።

ዛሬም ግብፅ ብትሄዱ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው። በ1973ቱ ጦርነት የግብፅ ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ሰዓድ አሽ-ሻዝሊ ይባላሉ። አልጄሪያን ከ1979 እስከ 1992 የመሩት ፕሬዚዳንት ግን ሻዝሊ ቤን ጀዲድ ናቸው። አሶሳም እንደ አልጄሪያ ስሙን ፊት አምጥታዋለች።

ይህ አንድ ስም ላይ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። የድሮው የዐረብኛ ስም ብዙ ክፍል አለው፦ የራስ ስም፣ የአባትና የአያት ሐረግ (ነሰብ)፣ ከዚያ ደግሞ አገርን፣ ጎሳን ወይም መዝሀብን የሚያመለክት ኒስባ። ኢማም ቡኻሪ ስማቸው ሙሐመድ ኢብን ኢስማዒል ነው፤ ቡኻሪ የተባሉት ቡኻራ ስለተወለዱ ነው። ሸይኽ አሕመድ አት-ቲጃኒ (ፌዝ ከተማ በ1815 ያረፉት) ቲጃኒ የተባሉት በጎሳ ነው። ሸይኽ ዐብዱልቃድር አል-ጀይላኒ በካስፒያን ባሕር አጠገብ ወዳለው ጊላን ይቆጠራሉ። እኛ ጋ ግን ቡኻሪም ቲጃኒም ጀይላንም አቂቃ ተርዶላቸው ለሕፃናት የሚወጡ ስሞች ሆነዋል። ባሌ የተወለደው ጀይላን ስሙ የኢራን አውራጃ መሆኑን ሳያውቅ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል። (እኔም ያወቅሁት እዚህ ግቢ ከገባሁ በኋላ ነው።) በምዕራቡ አካባቢ ቲጃኒ የሚለው ስም መብዛቱ ደግሞ አይገርምም፤ ከቦርኖ የመጡት አል-ፋቂህ አሕመድ ዑመር ጠሪቃውን ያስፋፉት በዚህ በኩል ነውና።

ሁለት ስም ለየት ይላል። ኢማም ሻፊዒይ ሙሐመድ ኢብን ኢድሪስ ናቸው፤ ሻፊዒይ የተባሉት ሻፊዕ በሚባል ቅድመ አያታቸው ነው። ያሲር ዐረፋትም ቢሆን «ዐረፋት» የአያቱ ስም ነበር። እኛ ሻፊ ወይም ዐረፋት ብለን ልጅ ስንሰይም የሌላ ሰው አያት ስም የእኛ ልጅ የራስ ስም ይሆናል ማለት ነው፤ ዐረፋትን በተራራው የሚሰይሙም እንዳሉ ሳንረሳ።

ለምን ፊት መጣ? መልሱ ቀላል ይመስለኛል። አንድ አባት ለሸይኹ ያለውን ፍቅር በልጁ ስም መጨረሻ ላይ ሊያስቀምጥ አይችልም፤ በአገራችን መጨረሻው ቦታ የአያት፣ መካከሉ የአባት ነው። ነፃ የሆነው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም የመጀመሪያው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ጽፎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በለመደው ቀጠለ።

የኤሌክትሪካል ተማሪዎች ሺፍት ሬጂስተርን ታውቃላችሁ። አዲስ ቢት በአንድ በኩል ሲገባ ሌሎቹ አንድ አንድ ቦታ ይገፋሉ፤ የመጨረሻው ይወድቃል። የእኛ ስም ልክ እንደዚያ ነው፤ ያውም ሦስት ቦታ ብቻ ያለው። ለምሳሌ ኢድሪስ አሕመድ ሙሳ የሚባል ሰው እንውሰድ። ልጅ ሲወለድለት የሕፃኑ ወረቀት ላይ «ኢድሪስ አሕመድ» ወደ ኋላ ይገፋና ሙሳ ይወድቃል። በዚያች ቀን ቅድመ አያት ሙሳ ከመንግሥት መዝገብ ወጡ ማለት ነው። አባትየው ግን ሕፃኑን ሙሳ ካለው፣ ሙሳ ኢድሪስ አሕመድ ይሆንና የወደቀው ስም በፊት በር ተመልሶ ይገባል። አባትየው ፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚጻፍለት ሙሳ፣ ለልጁ የመጀመሪያ ስም ሆነ። መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን አያቶቻችንን እስከ ሰባት ያስቆጥሩን ነበር፤ ቀበሌ የሚጽፈው ሦስት ነው።

በነገራችን ላይ በእንግሊዝና በአሜሪካ የቤተሰብ ስምን ለሕፃን የመጀመሪያ ስም ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። አንዱ ምክንያት ሴቷ ስትዳር የአባቷን ቤት ስም ስለምትለቅ፣ ያ ስም በልጇ በኩል እንዲተርፍ ነው። እኛ ጋ ሴት ስትዳር ስሟን አትቀይርም፤ ስለዚህ የሚጠፋው የእናት ስም ሳይሆን የቅድመ አያት ነው። ምክንያቱ ግን ያው ነው፦ ሊወድቅ ያለን ስም ማትረፍ።

ሁለቱ አሰያየም ጎን ለጎን የታየበት ቦታ ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀውን ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የገነባው ሳሊኒ፣ የአንድ ጣሊያናዊ ቤተሰብ ስም ነው። ሥራውን በኃላፊነት የመሩትን ሰው ግን ሁላችንም «ኢንጂነር ስመኘው» ነው የምንላቸው። በ2010 ዓ.ም. ሲያርፉ የውጭ ጋዜጦች «በቀለ» እያሉ ጻፉ። በእነሱ ልማድ ትክክል ነው፤ በእኛ ልማድ ግን የተጠሩት አባታቸው ናቸው።

አሁን ወደ ዲናችን እንምጣ። የአያትን ወይም የዓሊምን ስም ለልጅ ማውጣት የነሰብ ጥያቄ አያስነሳም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ልጃቸውን ኢብራሂም ብለው በአባታቸው በነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ስም መሰየማቸውን ሙስሊም ዘግበውታል። ጀይላን የተባለ ልጅ «የሸይኹ ዘር ነኝ» አላለም፤ ቀጥሎ የአባቱ ስም አለና። ችግር የሚመጣው ሁለተኛው ቦታ ሲነካ ነው። ዘይድ ኢብን ሓሪሳ (ረ.ዐ) በነቢዩ ቤት ስላደጉ ዘይድ ኢብን ሙሐመድ ይባሉ ነበር፤ ሱረቱል አሕዛብ ቁጥር 5 ሲወርድ ወደ አባታቸው ስም ተመለሱ።

ይህ የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ መስሎ እንዳይታየን። ከገጠር ለትምህርት ወደ ከተማ የመጣ ልጅ በአሳዳጊ አጎቱ ስም ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ብዙዎቻችን አይተናል። በቅን ልብ ነው የሚደረገው። ግን ስሙ ከክፍል ክፍል አብሮት ይሻገርና 12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ ይታተማል፤ ከዚያ ዲግሪው፣ ፓስፖርቱ፣ የራሱ ልጆች ስም ሁሉ በዚያ ይቀጥላል። ከሁለት ትውልድ በኋላ ማን የማን ማሕረም እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደሚወርስ በወረቀት ማወቅ ይቸግራል። አሳዳጊነት በአሳዳጊነት ይጻፍ፤ የአባት ቦታ ለአባት ይተው። በዚህ ደረጃ ያላችሁ ካላችሁ፣ ማስተካከያው ከምርቃት በፊት ቢጀመር ይቀላል።

ሌላው ትንሽ የሚመስል ነገር ክፍተት ነው። ሙሐመድ አሚን፣ ሙሐመድ ኑር የመሳሰሉ ጥምር ስሞች ተለያይተው ሲጻፉ ኮምፒውተሩ አሚንን አባት ያደርገዋል፤ እውነተኛው አባት አያት ይሆናል፤ አያት ይወድቃል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ስሙ በሰባተኛው ቀን ከወጣ ጊዜው ይበቃል፤ ጥምሩን ስም አንድ ላይ አጽፉ፣ በእንግሊዝኛውም ከአባትየው መታወቂያ ጋር አስተያዩት፣ ከዚያ ፈርሙ።