የሻገተ ግድግዳና የሕፃናት መኝታ



ክረምት በገባ ቁጥር በደጋው አገር በብዙ ቤት የሚታይ ነገር አለ። ሕፃኑ በሚተኛበት ጥግ፣ ከአልጋው ጀርባ፣ ግድግዳው ይጠቁራል፤ ክፍሉም ይታፈናል። «የክረምት ነገር ነው፣ በጥቅምት ይለቃል» ተብሎ ይታለፋል። ልጁ ግን ሌሊቱን ሲያስለው ያድራል።

ሻጋታ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በዓይን የማይታየው ዘሩ ሁልጊዜ በአየር ላይ አለ፤ እርጥበት ሲያገኝ ይበቅላል። በጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ፣ እንጨቱ፣ የፍራሹ ጨርቅ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ጋዜጣ ሁሉ ምግቡ ነው። (ጋዜጣው ቤቱን እንደሚያሳምር አንክድም።) ዘሩ ወደ ሳንባ ሲገባ የሕፃናትን ጠባብ የአየር ቧንቧ ያስቆጣል፤ አስም ያለበትን ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይጎዳዋል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 አዋብ ኢስሐቅ የሚባል የ2 ዓመት ልጅ ሞተ። ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ ናቸው። አባቱ ስለ ሻጋታው በ2017 ሲያመለክት የተሰጠው መልስ «ቀለም ቀባበት» የሚል ነበር። በ2022 የሞቱን ምክንያት የመረመሩት ዳኛ፣ ሕፃኑ የሞተው በቤቱ ሻጋታ ለረዥም ጊዜ በመኖሩ ባገኘው የመተንፈሻ ሕመም መሆኑን ገለጹ። በስሙ የተጠራው ሕግም በኦክቶበር 2025 ሥራ ላይ መዋል ጀመረ።

እንግዲህ ቀለምም ሆነ ጋዜጣ ሻጋታን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። መጀመሪያ የሚፈለገው ውሃው የሚመጣበት መንገድ ነው። ቆርቆሮው ቢያፈስስ ምልክቱ ከላይ ይታያል። ከታች የጠቆረ ግድግዳ ግን ብዙ ጊዜ የሚርሰው ከጣሪያው የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬት ነክቶ ሲረጨው ነው። አሸንዳ መስቀል፣ ወይም የጣሪያውን ክፈፍ ማስረዘምና በቤቱ ዙሪያ ቦይ መቆፈር ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ቢለሰን ደግሞ እርጥበቱ ውስጡ ይታፈናል፤ ልስኑም ቆይቶ ይረግፋል።

ስታጸዱ ልጁን ከክፍሉ አውጡ፤ መስኮት ክፈቱ፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ዘሩ እንዳይበተን በደረቁ አትጥረጉ። የተለሰነና ቀለም የተቀባ ግድግዳ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። የጭቃው ግን የሻገተው ፊቱ በጥቂቱ ረጥቦ ይፋቅ፤ ሲደርቅ እንደገና ይመረግ። በረኪና የሚጠቀም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅል። አልጋውን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁ፤ የሕፃኑን ጨርቅም እዚያው ክፍል አታስጡ። የሻገተ ፍራሽ መጣል አለበት፤ ይህ ለድሃ ቤት ከባድ ምክር ስለሆነ ምእመናን ተረዳድተው ሌላ ቢገዙ መልካም ነው።

ክፍሉን ለማድረቅ ከሰል አንድዶ በር መዝጋት ከሻጋታው የከፋ ነው፤ ሽታ የሌለው መርዙ የተኙትን በአንድ ሌሊት ይገድላል።

ትንፋሹ የሚፈጥን ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ልጅ ካለ ግድግዳው ይቆይ፤ ልጁን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ስለ ክፍሉም ለባለሙያው ንገሩ።