ምዕራፍ 4፦ ጆሮ ሳይታይ ምላስ አይከሰስ

«ምላሱ ስለከበደ ነው።» ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ አፉ ሳይፈታ ሲቆይ በየቤቱ የምሰማው ማብራሪያ ይህ ነው። ከባለሙያዎችም ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ምላስ ብቻውን ጥፋተኛ ሲደረግ ጆሮ የሚያይ ሰው ይጠፋልና።

እስቲ በውሃ ላስረዳ። ከእኛ ከአቃቂ ጉድጓዶች እየተሳበ ወደ ከተማው የሚሄደውን ውሃ አስቡት። ልጁ የሚያውቀው ቃል ጉድጓዱ ነው፤ ሳንባ ፓምፑ፣ ጉሮሮ መስመሩ፣ ምላስና ከንፈር ደግሞ ቧንቧው። ጆሮ ጉድጓዱን የሚሞላው ዝናብ ነው። ዝናቡ ሳይኖር ቧንቧ መቀየር ምን ይረባል? ልቀጥል። ዛሬ «ውሻ» ያለ ልጅ ነገ ያንኑ ቃል ሲያጣው ውሃው በፈረቃ እየመጣ ነው እንጂ ልጁ ሰንፎ አይደለም። ብዙ እየተረዳ ጥቂት የሚናገረው ልጅ ሮቶው ሞልቶ ግፊት ያነሰው ቤት ነው። በእጅ ምልክት መግባባት ደግሞ በጀሪካን መቅዳት ነው፤ ጀሪካን የያዘ ቤት ቧንቧው አይዘጋም። ምልክት የለመደ ልጅ መናገር ይተዋል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው።

ወደ ዝናቡ ልመለስ። ዳውን ሲንድሮም (ትራይሶሚ 21) ካለባቸው ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት በሆነ ጊዜ የመስማት ችግር ይገጥማቸዋል። የጆሯቸው ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። በጥር ደህና የተባለ ጆሮ በሐምሌ ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ በሕፃንነታቸው በየ6 ወሩ ይታዩ።

አንድ ጊዜ ቃሊቲ፣ ከባድ መኪና ከማይጠፋበት መንገድ ዳር ካለ ቤት ገባሁ። ልጅቷ 6 ዓመቷ ነው። ቀድሞ የታየችበት ቦታ ወረቀቷ ላይ «አትናገርም» ብሎ ሸኝቷታል።

«ልጄ፣ መስማቱንስ ትሰማለች፤ ስጠራት ትመጣለች» አሉኝ አያቷ።

«እማማ፣ እስቲ ከኋላዋ ሆነው ይጥሯት» አልኳቸው።

ጠሯት። ዞር አላለችም። ለካ እስከዚያ ቀን ስትመጣ የኖረችው የእጃቸውን ጥሪ እያየች ነው! በኋላ የታምቡርን እንቅስቃሴ በሚለካው ምርመራ፣ በቲምፓኖሜትሪ ስትታይ ሁለቱም ጆሮዎቿ ፈሳሽ ይዘው ተገኙ።

«አትናገርም» ሲሏት የተፈተነችበት የሥዕል ካርድ ከውጭ የመጣ ነበር። የበረዶ ሰው ነበረበት። በሕይወቷ በረዶ ሲቆለል ያላየች ልጅ ስሙን አልጠራችምና ዜሮ ተሰጣት። ይህ ምዘና አይደለም፤ በደል ነው።

እኔ ከጓዳ ጀመርኩ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዕቃ አሳየኋት። ጀበናን «ደበና»፣ ቁልፍን «ኡፍ»፣ ጭልፋን «እፋ» አለች። ቀጥሎ «ቡና አለ?» አልኳት። «አለ» አለች፤ ለ ጠብቋል። «አባባስ ምን አለ?» ስላት «ና አለ» አለችኝ፤ ለ ላልቷል። ተነባቢዎቿ እየወደቁም ማጥበቅና ማላላቱን ይዛዋለች! ይህን ልዩነትና በጉሮሮ ተይዘው የሚፈነጠሩትን ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ፣ ጰ በእንግሊዝኛ ፈተና ውስጥ ከየት ታገኟቸዋላችሁ? በአቃቂ ብዙ ቤት ደግሞ አፋን ኦሮሞ ይነገራል። ዸን አጥርታ የምትል ልጅ በአማርኛ ብቻ ስትጠየቅ ችሎታዋ ሳይቆጠር ይቀራል።

የፊደል ገበታም መፈተኛ አይሆንም። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአፍ አንድ ናቸው፤ ሀ የከበዳት ልጅ በአንድ ድምፅ ሦስት ጊዜ ትወድቃለች። «ቁ»ን «ኡ» ስትል አናባቢውን አግኝታለች፤ ፊደሉ ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ ስለያዘ ግን መምህሩ ኤክስ ያደርጋል። መጥበቅንማ ገበታው ጨርሶ አያሳይም። ለማስተማር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች አቡጊዳ ፎኔቲክስን ሲያዘጋጁ ከራሳችን ፊደል መነሳታቸው ትልቅ ማስተዋል ነበር። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆችም ከሰሙት ይልቅ ያዩትን ስለሚይዙ፣ የተጻፈ ቃል ለንግግራቸው ድጋፍ ይሆናል።

የምላስ ክስ ግን ዕድሜው ረጅም ነው። ሲንድሮሙ በስሙ የተጠራው ሐኪም ራሱ፣ ጆን ላንግደን ዳውን፣ እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ የምላስ ልምምድ ንግግራቸውን በእጅጉ እንደሚያሻሽል ተናግሯል። ዛሬም ንግግር ያሻሽላል ብለው ፊኛ የሚያስነፉ አሉ፤ ፊኛ መንፋት ፊኛ መንፋትን ነው የሚያስተምረው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚህ የባሰ መጣ፤ ምላስ በቀዶ ሕክምና ይቀነስ ጀመር። የልጆቹ የድምፅ ስህተት ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ሲቆጠር ግን አልቀነሰም። እንዴት ይቀንስ? የጠበበው አፉና መንጋጋው ነው፤ ምላስን የሚያዝዘው ቅንብር ደግሞ በቢላ አይነካም።

የልጅቷን ወረቀት ተቀብዬ «አትናገርም» የሚለውን ሰረዝኩና ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ትናገራለች። ታጠብቃለች፣ ታላላለች። ቀ እና ጨ ከቃል መጀመሪያ ይወድቁባታል፤ ጀን ደ ታደርጋለች። ጆሮዋ ታክሞ እንደገና ትሰማ።»