«ቲፎዞ» እና ተስቦ

«ቲፎዞ» አማርኛ ትመስለናለች እንጂ እንደ ማኪና፣ እንደ ጎማ፣ እንደ ፍሬን ከጣሊያንኛ የመጣች ቃል ናት። ጣሊያኖች በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነስተው በእኛው በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ ገቡ። እነሱ ቢወጡም ብዙ ቃላቸው እዚሁ ቀርቷል።

በቋንቋቸው «ቲፎሶ» የኳስ ቡድን ደጋፊ ነው። ሥሩ «ቲፎ» ይባላል፤ ቲፎ ደግሞ ተስቦ ነው፣ ራሱ በሽታው! ወደኋላ ሲኬድ የግሪኩ «ቲፎስ» ይገኛል፤ ጭስ፣ የአእምሮ መጋረድ ማለት ነው።

በነርስነት ዘመኔ ከአንኮበር ደጋ በክረምት የሚመጡ የተስቦ በሽተኞች ነበሩን። ብርዱ ባና በጋቢ ላይ ያስደርባል፤ ልብስ ቶሎ አይታጠብም፤ የልብስ ቅማል ይራባል። ትኩሳቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ሰውዬው ይቃዣል፣ የገዛ ልጁን አይለይም፣ ሊረዳው ከመጣው ጋር ይታገላል። አስተላላፊው ቅማል መሆኑን ሻርል ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1909 ቱኒስ ላይ አረጋግጦ በ1928 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ቅማል ታዲያ ትኩሳት አትወድም። የጋለውን በሽተኛ ትታ ወደ ጤነኛው ትሻገራለች። (ሰውን አጋግሎ ዞር የሚል ፖለቲከኛ ባየሁ ቁጥር እሷ ትዝ ትለኛለች።)

የእኛ ሰው ቃሉን ከኳስ ሜዳ ወደ ፖለቲካ ወስዶታል። «የእገሌ ቲፎዞ» ስድብ ነው፤ «ደጋፊ» ግን አይደለም። ደጋፊ ያዘመመ ግድግዳ፣ አቅም ያጣ በሽተኛ የሚይዝ ነው፤ የደገፈው ሲያጠፋም «አጥፍተሃል» ይላል። ቲፎዞ ይህን ማለት አይችልም።

የማውቃቸው ሁለት ወንድማማቾች በዚሁ ሰበብ ከተኳረፉ ሁለት ፋሲካ አለፈ። አንዱ እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ሌላው አዲስ አበባ ነው። ሁለቱም ለእናታቸው ይደውላሉ፤ ስለ ወንድም ሲጠየቁ ግን ዝም ነው። የልጅ ልጆቹ አይተዋወቁም።

እኛ ተስቦ የያዘውን ሰው በትኩሳቱ ሰዓት አንከራከረውም ነበር። ልብሱን አውልቀን እንቀቅላለን፣ ገላውን እናጥባለን፣ ዶክሲሳይክሊን እንሰጣለን። በሁለት ሦስት ቀን ሲበርድለት ስሙን ይነግረናል። ለእናትየውም «እትዬ፣ በስልክ አይከራከሯቸው። ለጥምቀት ሁለቱንም ከነልጆቻቸው ይጥሯቸው፤ መጀመሪያ ልጆቹ አብረው ይጫወቱ» አልኳቸው።

ጠርተዋል። ትልቁ እመጣለሁ ብሏል፤ ታናሹ እስካሁን አልመለሰም።