የመኪናን የኋላ ክፍል በክሪክ ስለ ማንሣት

የመቻራና የአካባቢዋ ነጋዴ ቡናውንና ጫቱን ለሩቅ ገበያ የሚያደርሰው በመኪና ነው። መኪናው በገለምሶና በበዴሳ በኩል የጨርጨርን ዳገትና ቁልቁለት አልፎ ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ እስኪደርስ ድረስ ከሁሉ ይልቅ የጭነቱን ክብደት የሚሸከሙት የኋላ ጎማዎች ናቸው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ብዙውን ጊዜ በክሪክ የሚነሣው የኋላው ክፍል ነው። ጫት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ዋጋው የሚወድቅ ሸቀጥ ስለ ሆነ ሾፌሩም ረዳቱም ይቸኩላሉ፤ በችኮላም ክሪኩን ባገኙት ቦታ ይተክላሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የጠፋ ጭነት በሌላ ጊዜ ይተካል፤ በመኪና ሥር የጠፋ ሕይወት ግን ከቶ አይተካም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የእጅ ፍሬን ነገር ነው። በብዙ አነስተኛ መኪናዎች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለ ሆነ፣ እነዚህ ከመሬት በተነሡ ጊዜ መኪናውን የሚያቆመው ነገር አይኖርም። በብዙ የጭነት መኪናዎች ደግሞ ፍሬኑ የሚይዘው ከካምቢዮው በስተኋላ ያለውን ዘንግ ነው፤ አንድ ጎማ ብቻ ሲነሣ ዲፈረንሻሉ ያን ጎማ በነፃ እንዲዞር ስለሚፈቅድለት መኪናው ሊንከባለል ይችላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ መያዝ አለባቸው።

ክሪኩ የሚተከልበት ቦታ እንደ መኪናው ዐይነት ይለያያል። ባሌስትራ ባላቸው እንደ ኢሱዙና እንደ ሃይሉክስ ባሉት መኪናዎች፣ ተገቢው ቦታ ለሚፈታው ጎማ ቅርብ የሆነው፣ ባሌስትራው የተቀመጠበት የአክስሉ ክፍል ነው። በሻንሲው በኩል ቢነሣ፣ ጎማው ከመሬት ከመላቀቁ በፊት ባሌስትራው ስለሚዘረጋ ክሪኩ እጅግ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለ ክሪክ ደግሞ በቀላሉ ይጋደማል። የዲፈረንሻሉ ሆድ ክብ ስለ ሆነ ክሪኩን ያንሸራትታል። አነስተኛ የቤት መኪና የሚነሣው ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት፣ በበሩ ግርጌ ባለው በተጠናከረው ጠርዝ ላይ ነው፤ ቦታው ብዙውን ጊዜ በምልክት የሚታወቅ ሲሆን ከመኪናው ጋር የሚሰጠው መጽሐፍም ያሳያል። የነዳጅ ታንክ፣ ማርሜታ፣ የፍሬን ቧንቧና የትርፍ ጎማ ማስቀመጫው ወለል ግን ክብደት ለመሸከም የተሠሩ አይደሉም።

መሬቱ ለስላሳ ወይም በዝናብ የራሰ ከሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ይነጠፋል። የጎማው ብሎኖች ጎማው መሬት ላይ ሳለ ጥቂት ይላላሉ፤ መኪናው ከተነሣ በኋላ መታገል ከክሪኩ ላይ ሊያወርደው ይችላልና። የክሪኩ ዐቅም በቶን ተጽፎበት ስለሚገኝ፣ ጭነቱ ከዚያ የበለጠ መስሎ ከታየ አስቀድሞ ማራገፍ ይገባል። በዘይት የሚሠራ ክሪክ ጎሚኒው ባረጀ ጊዜ ሳይታሰብ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከሥሩ የሚገባ ሰው ቢኖር አስቀድሞ ጽኑ የብረት ድጋፍ በአክስሉ ሥር መቆም አለበት። ድንጋይ ቁልልን እንደ ድጋፍ መቁጠር አደገኛ ነው።

ባለመኪናው ነጋዴ መኪናውን ከመቻራ ከማሰናበቱ በፊት ክሪኩን፣ ታኮውን፣ ጣውላውንና ድጋፉን ቆጥሮ ቢያስረክብ፣ ሾፌሩንም ስለ ጥቂት ደቂቃ መዘግየት ባይወቅሰው፣ ንብረቱንም ሠራተኛውንም ይጠብቃል።