የቮልስ ወንበር ከውስጥ ሲታደስ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። የተቀመጡት ከኋላ ነው። ቮልስ በሩ ሁለት ብቻ ስለሆነ ከኋላ ለመቀመጥ አስቀድሞ የፊቱ ወንበር ወደ ፊት መታጠፍ አለበት፤ ይህ ሕግ ለንጉሠ ነገሥቱም አልተለወጠም።

ያ መታጠፍ ሃምሳና ስልሳ ዓመት ሲደጋገም ማጠፊያው ይላላል፣ የመደገፊያው ስፌት ይተረተራል። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚታዩት የቆዩ ቮልሶች ሞተራቸው በየጊዜው ሲጠገን ኖሯል። ወንበራቸው ግን ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ሾፌሩ ወገቡን መያዝ ሲጀምር ነው።

መኪናዋን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። የቮልስዋገን ፋብሪካ ቮልስን ማምረት ያቆመው ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ነው፤ እስከዚያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በእኛ አገር ያለውን ቮልስ መንከባከብ ዛሬ ከናፍቆት በላይ ምክንያት አለው። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ የተጣለው ኤክሳይዝ ታክስ ከባድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ሆሳዕናም ሆነ ቦኖሻ ያለ ባለመኪና በእጁ ያለችውን ቢጠግን ያዋጣዋል።

የቀድሞው የቮልስ ወንበር አራት ነገር ነው፦ የብረት አጽም፣ ሞላ፣ ሙሊትና ልብስ። ሙሊቱ የኮኮናት ቃጫና የእንስሳት ጸጉር ከላስቲክ ሙጫ ጋር ተጋግሮ የተሠራ ነው፤ ስፖንጅ የተለመደው ኋላ ላይ ነው። ሀዲያና ከምባታ ውስጥ እንሰት ለቆጮ ሲፋቅ የሚቀረውን ቃጫ ለሚያውቅ ሰው የሙሊቱን ጠባይ መገመት አይከብድም። ክብደት ይሸከማል፣ አየርም ያሳልፋል። ሙጫው ሲያረጅ ግን ቃጫው ይደርቅና እየተፈረፈረ በሞላው መካከል ወደ ወለሉ ይራገፋል። ቮልስ ውስጥ ከወንበሩ ሥር ቡናማ ብናኝ ከታየ የሙሊቱ ዕድሜ አልቋል ማለት ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው በተቀደደው ልብስ ላይ አዲስ ልብስ ያለብሳል፣ ከሥሩም ስፖንጅ ይጠቀጥቃል። ለጥቂት ወራት ያምራል። የተሰበረው ሞላ ግን እዚያው ስለሆነ ጫፉ ስፖንጁን በስቶ ይወጣል። ወንበር መታደስ ያለበት ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ልብሱ የመጨረሻው ሥራ ነው።

የኋላው መቀመጫ በብሎን አልታሰረም፤ ከፍ አድርጎ ማውጣት ይበቃል። የፊቱ በሀዲድ ላይ ስለሚንሸራተት መቆሚያው ተለቆ ተስቦ ይወጣል። ከዚያ ልብሱን ከአጽሙ ጋር የያዙት ትናንሽ የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ አንድ በአንድ ይፈታሉ። አሮጌው ልብስ መጣል የለበትም። ስፌቱ ተፈትቶ እያንዳንዱ ቁራጭ በአዲሱ ላይ ተዘርግቶ ይቆረጣል፤ ከእሱ የተሻለ ልክ አይገኝም። አጽሙ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ የተሰነጠቀው ተበይዶ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። ሞላው ላይ ወፍራም ጆንያ ይለበጣል፤ ይህ ከቀረ አዲሱ ሙሊት በሞላው ተበልቶ ያልቃል። ልብሱ ሰው ሠራሽ ቆዳ ከሆነ ፀሐይ ላይ ትንሽ ቢቆይ ይለሰልስና ሳይጨማደድ ይወጠራል። መወጠር የሚጀመረው ከመሐል ነው፤ ማዕዘኖቹ ኋላ ይመጣሉ።

ይህን ሁሉ ለመሥራት የግድ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። በሆሳዕናና በዱራሜ የባጃጅ ወንበር የሚሰፋ እጅ የቮልስንም ልብስ ይሰፋል፤ ልኩን የሚያሳየው አሮጌ ልብስና ጥሩ በያጅ ካለ ይበቃል። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ መፈለግ የሚገባው ሀዲዱና ማጠፊያው እጅግ የተበላ እንደሆነ ነው።

አጽሙ ከጥገና ካለፈ የሌላ መኪና ወንበር መግጠም ይቻላል፤ ይሁንና ቮልስ ማንኛውንም ወንበር አትቀበልም። የሀዲዱ ስፋት ይለያል። መቀመጫው ከፍ ካለ ጭንቅላት ጣሪያውን ይነካል፣ ጉልበትም ከመሪው ጋር ይጋጫል። መደገፊያው ወደ ፊት የማይታጠፍ ከሆነ ደግሞ የኋላው ወንበር መግቢያ አጣ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ሀዲዱን ከመኪናዋ ጋር ለማያያዝ የሚደረገው ብየዳ ነው። በወለሉ መሐል ከፊት ወደ ኋላ በተዘረጋው የላሜራ ቦይ ውስጥ የፍሪሲዮን ሽቦ ብቻ ሳይሆን ከፊት ካለው ጋን ወደ ሞተሩ ቤንዚን የሚወስደው ቱቦም ያልፋል። የፊት ወንበሮች የውስጥ ሀዲድ የሚገጠመው ደግሞ በዚያው ቦይ ጎን ነው። ይህን የማያውቅ በያጅ እዚያ ላይ እሳት ቢለኩስ መኪናዋን ሊያቃጥላት ይችላል። ሥራውን የሚያሠራ ሰው ይህን አስቀድሞ ይንገረው።

ሌላው አደጋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ በቀኝ በኩል ነው። ሞላው ደክሞ ከኋላ ወፍራም ሰው ሲቀመጥ ብረቱ ወርዶ የባትሪውን ራስ ሊነካ ይችላል፤ ብልጭታው ደረቁን ቃጫ ሲያገኝ እሳት ይነሳል። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልሶች በየአገሩ አሉ። መከላከያው ርካሽ ነው፦ የባትሪው ክዳን በቦታው መኖሩን ማየት፣ ክዳን ከሌለም ራሶቹን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ወፍራም ላስቲክ መሸፈን። ወንበሩ ወጥቶ ሳለ ከባትሪው ሥር ያለውን ላሜራም ማየት ይገባል፤ አሲድ እየፈሰሰበት ቶሎ የሚበሳው እሱ ነው።

ወንበሩ ከተመለሰ በኋላ ሀዲዱ ግራሶ ይቀባል። ከዚያ ሾፌሩ ተቀምጦ ሞተር ሳያስነሳ ፍሬኑን በኃይል ይርገጥ፣ ጀርባውንም ወደ ኋላ ይግፋ። ወንበሩ ከመቆሚያው ሾልኮ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ የሀዲዱ ጥርስ ተበልቷልና እስኪለወጥ ድረስ መኪናዋ ከግቢ መውጣት የለባትም።